የእትዬ ሰርካዲስ ጥቁር በግና የአግማስ ማይክሮባዮሎጂ

አግማስ ከኩታበር ደሴ የመጣው ነርስ ለመሆን ነበር። ነርስ መሆን ማለት ነጭ ጋውን መልበስ፣ መርፌ መውጋትና በር ላይ ቆሞ «ቀጣይ» ብሎ መጣራት ይመስለው ነበር፤ ለሦስቱም ተፈጥሮ አላነሰችበትም። ቁመቱ ለጋውን፣ እጁ ለመርፌ የተሠራ ነው። ድምፁማ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ድምፅ ነውና ከኩታበር ቢጣራ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ተነሥቶ ይሰለፋል። ችግር የመጣው ኮሌጁ በሁለተኛው መንፈቅ ማይክሮባዮሎጂ የሚባለውን ትምህርት ሲያስጀምራቸው ነው።

የምታስተምራቸው መምህርት ራሂማ ትባላለች። ቤቷ ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ ማታ ሐረጎን ወርዳ ትኖራለች። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው በዚህ ዓለም የሚያስደነግጠው ነገር እንደማይኖር በእሷ ይታወቃል። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እጃችሁን እዩ» አለች። ሁሉም አየ።

«እዚያ ላይ ያለው ባክቴሪያ በደሴና በኮምቦልቻ ካለው ሕዝብ ይበልጣል» አለች። «ያውም የቤት ኪራይ አይከፍልም።»

ሌላው ተማሪ ሳቀ፤ አግማስ ግን አልሳቀም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጁን የተዋሰው ዕቃ ይመስል ከአካሉ አርቆ ይዞ መሄድ ጀመረ። ሰላም ሲሉት ትከሻውን ይሰጣል፤ ትከሻውን ሊያቅፉት ሲመጡ ክርኑን ይሰጣል። ያጎረሱትን ጉርሻ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ስንት ነፍስ አብሮ እንደገባ ሲያሰላ የምሳ ሰዓት ያልፍበታል።

«አቦ አንተ ልጅ፣ ትምህርት አልተስማማህም» ይለው ነበር አብሮት ቤት የተከራየው ኑርሁሴን። «ባክቴሪያው ሳይነካን አንተ በረሃብ ልታልቅብን ነው።»

ኑርሁሴን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አባቱ ልኳንዳ ቤት አላቸው። አግማስ በልጅነቱ ዳዊት በዜማ ደግሟል፤ ኑርሁሴን ደግሞ ቁርኣን እየተወዛወዘ ሸምድዷል። ማይክሮባዮሎጂንም ሁለቱም በለመዱት መንገድ ያዙት። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ «ስታፊሎኮከስ፣ እንደ ወይን ዘለላ» እያለ ያዜማል፤ ሌላው አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ «ስትሬፕቶኮከስ፣ እንደ ሰንሰለት» እያለ ይወዛወዛል። አከራያቸው በበሩ ሲያልፉ ያዳምጡና «እነዚህ ልጆች በየትኛው ሃይማኖት እንደሚጸልዩ ባላውቅም፣ ጸሎታቸው ረጅም ነው» ብለው ለጎረቤት ይመሰክሩላቸዋል።

በቃል ከሆነ አግማስን የሚችለው አልነበረም። የወደቀው በዓይን ነው። በመንፈቁ አጋማሽ ፈተና ላይ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ያየውን እንዲናገር ታዘዘ። ጉሮሮውን ጠረገና ክፍሉ በሙሉ እስኪሰማ ድረስ «ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ ባክቴሪያ» ሲል አወጀ። ራሂማ ቀርባ አየች።

«አግማስ፣ ይሄ ሽፋሽፍትህ ነው» አለችው። «የሚንቀሳቀሰውም አንተ ዓይንህን ስታርገበግብ ነው።»

በዚያች ሽፋሽፍት የተነሣ አግማስ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። የቀረው አንድ የተግባር ፈተና ብቻ ነው። እሱን ካላለፈ ጓደኞቹ ሆስፒታል ወጥተው መርፌ ሲወጉ፣ እሱ ከሚመጣው ዓመት ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ እንደገና «እጃችሁን እዩ» ሊባል ነው።

ፈተናው እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዱ ቡድን ስሙ ያልተነገረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል፤ ቡድኑ ማንነቱን ማወቅ አለበት። ለማወቅ ደግሞ አብቅሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሚበቅልበት ነገር ሁሉ የባክቴሪያን ገመና በደንብ የሚያወጣው የበግ ደም ነው። ደሙ አጋር ከሚባል እንደ ቀዘቀዘ የአጃ ሙቅ ከሚረጋ ነገር ጋር ይደባለቅና ክብ ሳህን ላይ ይፈስሳል። ከዚያ አንዳንዱ ባክቴሪያ በዙሪያው ያለውን ደም ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ አንዳንዱ ቀመስ አድርጎ ይተዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጨዋ እንግዳ ሳይነካው ይቀመጣል።

«ሰው በአበላሉ ይታወቃል፤ እነሱም እንደዚያው ናቸው» አለች ራሂማ።

የኮሌጁ የበግ ደም ግን «ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው» ከተባለ ቆይቷል። በእግሩ ቢመጣ እንኳ እስካሁን ይደርስ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ደም ፈልጎ ሰኞ ጠዋት ይዞ እንዲቀርብ ተነገረው።

መጀመሪያ የሞከረው ኑርሁሴን ነው። ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ከአባቱ ዘንድ የታረደ በግ ደም በጠርሙስ ቀዳና ሚኒባስ ተሳፈረ። ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ደሙ መርጋት ጀመረ፤ ደሴ ሲገባ በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ደም ሳይሆን ጉበት ነው። ራሂማ ጠርሙሱን ገልብጣ አየችው፤ አልፈሰሰም።

«ይሄ ለጥብስ እንጂ ለአጋር አይሆንም» አለች። ከዚያም መላውን አስረዳቻቸው። ደሙ ከቆመ በግ አንገት በመርፌ ይቀዳል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ የብርጭቆ ዶቃዎች ይጨመራሉ። ደሙ ገብቶ ከዶቃዎቹ ጋር ሲናጥ፣ የሚያረጋው ክር ዶቃዎቹ ላይ ይጠመጠምና ደሙ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አግማስ ግን ዝምታ አልተፈጠረበትም። «ቲቸር፣ እኛ ቤት በግ አለ» አለ። «ሁለት። እናቴ ለፋሲካ የምታደልባቸው።»

«ወላሂ ተገላገልን» አለ ኑርሁሴን። «ዶቃውን ለኔ ተወው።»

ኮሌጁ ዶቃም አልነበረውምና ኑርሁሴን ፒያሳ ሄዶ ጥጓን ይዛ ከተቀመጠች ሻጭ ዘንድ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ቢጫ ጨሌ መረጠ። ሴትዮዋ ዙሪያዋን ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለማነው፣ ልጄ?»

«ለጓደኛዬ ነው። በግ ደም ውስጥ ሊያደርገው ነው።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና አንድ እፍኝ ጨምራ «ይቅናው፣ እሺ ይበለው» አለችው። ኑርሁሴን የደሴ ሰው ምን ያህል ለተማሪ እንደሚያዝን እያሰበ ተመለሰ። ጨሌ ማለት ዛር ያለበት ሰው አንገቱ ላይ የሚያስራት፣ ቀኗ ሲደርስ ደም ካልፈሰሰላት የማትተኛ ዶቃ መሆኗን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ሁለቱ ልጆችም ያውቃሉ። ያን ሰሞን ግን ፈተና ነበረባቸው፤ ፈተና ያለበት ተማሪ ደግሞ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል።

ቅዳሜ አግማስ ራሂማ ከነጨሌው በእንፋሎት የቀቀለችለትን ጠርሙስ አፉን በፎይል አሽጎ ኩታበር ገባ። እናቱ እትዬ ሰርካዲስ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ የቀራቸው አንድ ልጅ፣ ሁለት በግና የጠነከረ ሃይማኖት ነው። ሁዳዴ በመሆኑ ፊታቸው ከሽሮ ብዛት ኮስተር ብሏል።

«እማዬ፣ ጥቁሩን በግ ፈልጌው ነበር» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ምነው ልጄ፣ ጾም አይደለም እንዴ?»

«አይታረድም። ደሙ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ትንሽ።»

እትዬ ሰርካዲስ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ። «ማነው የሚፈልገው?»

የአግማስ ልብ ፈተናው ላይ ነበር። «ስትሬፕቶኮከስ» አለ።

«ማን?»

«ስሙ ነው። በዓይን አይታይም፣ እማዬ። አይታይም እንጂ ስንቱ ሰው ላይ አለ መሰለሽ። አሁን አንቺም ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።»

እትዬ ሰርካዲስ ጉሮሯቸውን ያዙ።

«ደም ከተሰጠው ግን በማግሥቱ ጠዋት ራሱን ይገልጣል» አለ አግማስ፣ እናቱ እንዲህ አተኩረው ሲሰሙት ጥሩ አስተማሪ እንደሆነ ተሰምቶት። «ያን ጊዜ ማን እንደሆነ እናውቃለን።»

«ነጩ በግስ አይሆነውም?»

«ነጩ ይራገጣል። ጥቁሩ ይሻላል።»

ይህን ብሎ ጠርሙሱን ከቦርሳው አወጣ። ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ቢጫ ጨሌ በብርጭቆው ውስጥ ኮሽ አለ።

«ይህንን እንዳትነኪው። የሰው እጅ ከነካው ይበላሻል። ደሙ ሲቀዳ አጠገቡ እሳት ይነዳል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ እኔም አፌን እሸፍናለሁ።»

እትዬ ሰርካዲስ ብድግ አሉ። ወደ ጋጣው ሄደው በጉን ቆለፉበት፤ ቁልፉን ከአንገታቸው ማተብ ጋር አሰሩና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አግማስ የእንስሳት ሐኪም ሊጠሩለት የሄዱ መሰለው። «እናት እኮ ሌላ ናት» ብሎ አሰበ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመጡት ግን መምሬ በላቸው ናቸው፤ የቤቱ የንስሐ አባት። መምሬ በላቸው በዚያ አገር ርኩስ መንፈስ በማስለፍለፍ ስማቸው የተጠራ ነው። አንዴ ገና በር ላይ ሲያስሉ ሰምቶ በመስኮት የወጣ ዛር እንዳለ ይወራል። መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ በጀሪካን ጠበል በሌላው ይዘዋል። ከኋላቸው ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ፣ እግረ መንገዱን ያለፈ መስሎ፣ አጥር ሥር ተደረደረ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ መምሬ። «አትፍራ። የምጠይቀው አንተን አይደለም። በላይህ ላይ ማን አለ?»

አግማስ ጥያቄውን ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። «ቆዳዬ ላይ ነው?» ሲል አጣራ።

«ቆዳህም ላይ ቢሆን ይናገር።»

«ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ።»

አጥሩ አጉረመረመ።

«ብቻውን ነው?»

«ብቻውን አይደለም፣ መምሬ። አፍንጫ ላይ ወንድሙ አለ፣ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ። ጉሮሮ ላይ እነ ስትሬፕቶኮከስ። አንጀት ላይ ኢሼሪሺያ ኮላይ...» ትምህርቱ ያለ ዜማ አይመጣለትምና እዚህ ላይ ሳያውቀው ወደ ዜማ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እያወዛወዘ፣ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ዘለቀው።

«ስንት ናችሁ?» አሉ መምሬ።

«ቁጥር የላቸውም። ምግብ ካገኙ አንዱ ወዲያው ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት ይሆናሉ።»

«መቼ ነው የገባችሁበት?»

«ስወለድ። መጀመሪያ ከእናት ነው የሚያዘው።»

አጥር ሥር የተሰለፈው አንገት በሙሉ ወደ እትዬ ሰርካዲስ ዞረ። እትዬ ሰርካዲስ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት።

መምሬ በላቸው በዘመናቸው ያላስለፈለፉት የመንፈስ ዓይነት የለም። እንዲህ ሳይጮህ፣ ሳይንፈራገጥ፣ በየዘር ማንዘሩ ተሰልፎ የሚናዘዝ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ወደ እትዬ ሰርካዲስ ጠጋ ብለው «ይሄኛው የተማረ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ መስቀላቸውን ዘረጉለት። አግማስ ሊሳለም ጎንበስ ሲል፣ ሳይጠራት፣ የራሂማ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣችበት፤ ብዙ ሰው የሚነካውን ነገር ስትዘረዝር። ለዐይን ጥቅሻ ያህል አመነታ። ወዲያው በራሱ አፍሮ ደጋግሞ ተሳለመ፤ ግን ጥቅሻዋን ኩታበር በሙሉ አይቷታል። «መስቀል ሸሸ» ተባለ። ጀሪካኑ እስከ ጠብታው ተገለበጠበት።

«መምሬ» አለ አግማስ ውኃው ከአፍንጫው እየወረደ፣ «የትምህርት ጉዳይ ነው። ካላመኑኝ መምህሬን ይጠይቁ።»

ስልኩን ደውሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰጣቸው። ራሂማ ኮምቦልቻ ቤቷ ነበረች።

«አግማስ፣ ደሙን አገኘህ?» አለ ስልኩ፣ ሃሎ እንኳ ሳይባል።

አጥር ሥር ያሉት ሁሉ አማተቡ።

«አግማስ አይደለሁም፤ የንስሐ አባቱ ነኝ» አሉ መምሬ። «እርስዎ ነዎት ደም ያዘዙት?»

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ። እንዴት ዋሉ? በጉ ተገኘ?»

«ጥቁር ነው።»

«ማሻ አላህ። መልኩ ግድ የለኝም፤ ጤነኛ ይሁን ብቻ።»

«ከዚህ ልጅ ብቻ ነው የጠየቁት?»

«ኧረ ክፍሉ በሙሉ ያመጣል።»

መምሬ በላቸው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ካላመጣስ?»

«ካላመጣማ ሰኞ አለቀለት» አለች ራሂማ በቅን ልቧ። «እኔም ላድነው አልችልም። አደራ አባቴ፣ ጨሌው ውስጥ በደንብ ይናጥ።» እዚህ ላይ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ሄደ።

መምሬ ስልኩን በሁለት ጣት ይዘው መለሱ። «ይሄ የአንድ ልጅ ነገር አይደለም» አሉ። «ኮሌጁ በሙሉ ተይዟል።» ሰኞ ማለዳ ራሳቸው ደሴ ወርደው ነገሩን ከሥሩ ሊነቅሉ ቆረጡ። እትዬ ሰርካዲስ «ልጄን ብቻውን አልሰድም» ብለው ተከተሉ። በጉም ቀረ አልተባለም። ያ የማይታየው ነገር አንዴ መልኩን ጠቅሶ ጠይቆታልና ከዓይናቸው ሊያርቁት አልፈለጉም። በአንድ ጀንበር ይህ ሁሉ ሲወሰን፣ አግማስ ከእርጥብ መቀመጫው ሆኖ በጉ በገዛ እግሩ ወደ ደሴ እየሄደለት መሆኑ ገባው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ምንም ሳይጨምር ዝም አለ።

በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ በጉ ጣሪያ ላይ ይውጣ ቢል እትዬ ሰርካዲስ እንቢ አሉ። በጉ በመምሬ ጃንጥላና በአግማስ ጉልበት መካከል ተቀምጦ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ጨዋ ሆኖ ደሴ ገባ።

የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ያን ጠዋት ለቅሶ ቤት መስሏል። የአንዱ ቡድን ደም በኩባያ ውስጥ ረግቶ በማንኪያ ይወጣል። የሌላው ይቀጥናል ተብሎ ውኃ ተጨምሮበታል። ሦስተኛው ቡድን የዶሮ ደም አምጥቶ «በግ ነው» እያለ ይሟገታል። አራተኛው ደግሞ ጾምን ምክንያት አድርጎ ያመጣው የቀይ ሥር ጭማቂ ነበር። ራሂማ በየተራ እያሸተተች ራሷን ስትነቀንቅ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ መስቀል፣ ቀጥሎ መምሬ በላቸው፣ ቀጥሎ እትዬ ሰርካዲስ፣ ቀጥሎ በጉ፣ በመጨረሻ ጋውኑን የለበሰ አግማስ ገቡ።

መምሬ ሊገሥጹ አፋቸውን ሲከፍቱ ራሂማ ቀደመቻቸው።

«እንኳን ደህና መጡ አባቴ። በእግሩ አመጣችሁት? አላህ ይስጣችሁ። እኔስ ይሄን ለመጠየቅ አፍሬ ነበር።»

መምሬ ቤቱን ዞረው አዩ። ማቀዝቀዣ፣ ቧንቧ፣ ጠርሙስ፣ እንቅልፍ ያጡ ልጆች። ጨሌ ያሰረ ሰው የለም። «ያ ስሙ የረዘመው የታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይዩት» ብላ ማይክሮስኮፑን አስተካከለችላቸው። መምሬ ቆባቸውን ገፋ አድርገው አጎነበሱ።

«ታየኝ» አሉ ቆይተው። «ጥቁር ነው። ረጅም ነው። ይንቀሳቀሳል።»

«ሽፋሽፍትዎ ነው፣ አባቴ። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

አግማስ ጣሪያውን አየ፤ ደረቱ ላይ የነበረ አንድ ድንጋይ ወረደለት።

መምሬ ራቅ አሉ። አሁን ሐምራዊ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ ተሰክቶ አዩ። «መቁጠሪያ ይመስላል» አሉ ተደንቀው። «ይሄ ነው? ታስሯል ማለት ነው?»

«ታስሯል፣ ደርቋልም። ልጆቹ የሚማሩት እሱን ነው፤ ማን እንደሆነ ለይተው ከበሽተኛ ላይ እንዲያስወጡት።»

«መጀመሪያ ስሙን ትጠይቁታላችሁ?»

«ስሙን ካላወቅን መድኃኒቱ አይታወቅም።»

መምሬ በላቸው ቀና ብለው ወደ እትዬ ሰርካዲስ ዞሩ። «የሙያ ጓደኞቻችን ናቸው» አሉ። «በጉን ስጧቸው።»

እትዬ ሰርካዲስ ገመዱን ወዲያው አልለቀቁም። «ይታመምብኛል?»

«እርስዎ ሻይዎን ሳይጨርሱ ይረሳዋል» አለች ራሂማ፤ ክፍሉን አስተባብራ በጉን ወደ ደጅ አስወጣች። አንገቱን ላጨች፣ በአልኮል ጠረገች፣ ደም ሥሩን በጣቷ ተጭና አሳየች፤ መርፌውን ግን ለአግማስ ሰጠችው። «ፈተናው ያንተ ነው» አለች።

አግማስ እጁን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ያለው ሕዝብ አላሳሰበውም፤ ያሳሰበው መርፌው የሚያርፍበት ቦታ ነው። እናቱ የበጉን ራስ አቅፈው ጆሮው ላይ አንድ ነገር ያንሾካሹካሉ። በጉ አግማስን በአግድም ዓይን አየው፤ ከኩታበር ጀምሮ ያየው ነገር ሁሉ ታክቶት «በል ጨርስ» የሚል ይመስላል። አግማስ ትንፋሹን ያዘ፣ ወጋ። ደሙ ቀጥ ብሎ መጣ።

ጠርሙሱን ኑርሁሴን ተቀብሎ መናጥ ጀመረ። እጁ እስኪዝል ናጠ፤ ትንሽ ዘገየ፣ ደግሞ ሮጠ፣ ደግሞ ዘገየ። መምሬ በላቸው ቆመው ሲሰሙት ቆዩና መታገሥ አቃታቸው።

«ወዲህ አምጣው፣ ልጄ። እንዲህ ያለ አመታት ጆሮ ያማል።»

ዕድሜ ልካቸውን ጸናጽል የያዘች እጅ ጠርሙሱን ያዘች። ጨሌው ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽኮሽ እያለ በሥርዓቱ ሄደ። ክፍሉ በሙሉ ሳያስበው በእግሩ ተቀበላቸው፤ ኑርሁሴንም መወዛወዙን ያዘ። ሲያበቁ ደሙ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ የሚያረጋው ክር ሁሉ ጨሌው ላይ ተጠምጥሟል። ከአንድ በግ አንገት ለክፍሉ በሙሉ የሚበቃ ሆነ፤ ባለ ቀይ ሥሮቹ እንኳ ደረሳቸው።

ሳህኖቹ ተሠሩ፤ ባክቴሪያው ተዘራባቸው፤ ሙቀት ያለው ሣጥን ውስጥ ገቡ። እነ እትዬ ሰርካዲስ ውጤቱን ሳያዩ አንሄድም ብለው ከነበጋቸው በልጆቹ ግቢ አደሩ። አከራይዋ ካህኑንና በጉን አይተው ጸሎቱ ወዴት እንዳደላ ተረዳሁ አሉ።

በማግሥቱ አግማስ ክዳኑ የታሸገውን ሳህን ተቀበለ። እጁን አላየም፤ ሽፋሽፍቱንም ወደ ላይ አንሥቶ፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ በእርጋታ አየ። ቀዩ ደም ላይ የስናፍጭ ፍሬ የማያህሉ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ ደሙ ተልጦ መስኮት ሆኗል።

«ማነው?» አለች ራሂማ።

«ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ።»

«በምን አወቅህ?»

«ሙልጭ አድርጎ በልቷል። ማይክሮስኮፕ ላይም ሰንሰለት ሠርቶ አየሁት፤ ሽፋሽፍቴ እንዳልሆነ ሁለቴ አረጋግጫለሁ።»

ራሂማ ሳህኑን ወስዳ አየች፣ አግማስን አየች፣ ሳህኑን አየች። «ሂድ፣ አልፈሃል» አለች። «ከጓደኞችህ ጋር ሆስፒታል ትወጣለህ። በሽተኛ ፊት ግን አፍህን ቀነስ አድርግ።»

እትዬ ሰርካዲስ በበሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ሳህኑን ሲያዩ ቆዩ። «ይህን ሁሉ ስም ተሸክሞ ይህቺን ነው የሚያህል?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ከሰዓት በኋላ አግማስ ጋውኑን ሳያወልቅ የበጉን ገመድ ይዞ እናቱንና መምሬን ሊሸኝ በፒያሳ አለፈ። በጉ አንገቱ ተላጭቶ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ካፌ ደጅ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስኒውን አስቀመጠ።

«ዶክተር» አለ አንዱ፣ «ምን አገኘኸው?»

«ጤነኛ ነው» አለ አግማስ ሳይቆም። «ደም ሰጥቶ ነው።»

ነገሩ ለካፌው ሰው በቂ ነበር። ደም የሰጠ እንግዳ በባዶ ሆዱ አይሸኝም ተባለ፤ አስተናጋጇ ለስላሳ በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ ብስኩት ጨምራ መጣች። በጉ ለስላሳውን አንድ ጊዜ አሽትቶ አነጠሰበት። ወደ ብስኩቱ ሲዞር ግን እትዬ ሰርካዲስ ቀድመው አነሡት፤ ሽፋኑን እያገላበጡ አስተናጋጇን አዩዋት።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ «የጾም ነው?»